የአሜሪካ መስፋፋትና የማኅበራዊ ለውጥ ንቅናቄዎች ከ1800 እስከ 1850፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ በኩል ዘመነ መሳፍንት ነበር።

ይሄ ዘመን የቱ ነው? አሜሪካስ ያኔ ምን ያህል ነበረች?

በ1800 አሜሪካ 16 ግዛቶች ነበሯት። ሕዝቧ 5.3 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋው ባሪያ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚኖረው በአትላንቲክ ጠረፍና በአፓላቺያ ተራሮች መካከል ነው። በምዕራብ በኩል ድንበሯ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያበቃል።

በ1850 ግዛቶቹ 31 ሆነዋል። ሕዝቡ 23 ሚሊዮን አልፏል። አገሪቱም ፓሲፊክ ውቅያኖስ ደርሳለች። በዚያው ሃምሳ ዓመት ውስጥ መጠጥ ይቅር፣ ባርነት ይወገድ፣ ሴት ትምረጥ፣ ልጅ ሁሉ ይማር የሚሉ ማኅበራት እንደ አሸን ፈሉ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት መስፋፋቱንና ንቅናቄዎቹን በተለያየ ምዕራፍ ያስቀምጧቸዋል። ለእኔ መነጠሉ አይታየኝም። መንገዱም፣ ገንዘቡም፣ ብዙ ጊዜ ሰዎቹም ያው ናቸው።

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ከዚህ ዘመን ምን ይመጣል?

ብዙ አይደለም። አሜሪካ በ1803 ከፈረንሳይ የገዛችው ግዛት ማን ይባላል የሚለው የታወቀ ነው፤ መልሱ ሉዊዚያና ነው። በ1800ዎቹ አሜሪካ ከተዋጋቻቸው ጦርነቶች አንዱን ጥቀስ የሚልም አለ። የ1812ቱ ጦርነት፣ የሜክሲኮ ጦርነት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ወይም ከስፔን ጋር የተደረገው፣ አንዱን ማለት ይበቃል።

ሱዛን ቢ. አንተኒ ምን አደረገች የሚለውም በ2008ቱ የፈተና ዝርዝር ውስጥ ነበር። ለሴቶች መብት ታገለች ማለት ይበቃ ነበር። ፈተናው ውስጥ ባይኖርም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አንተኒ በ1848ቱ የሴኔካ ፎልስ የሴቶች መብት ስብሰባ ላይ የነበረች ይመስለዋል። አልነበረችም። ከስብሰባው አዘጋጆች አንዷ ከነበረችው ከኤልዛቤት ስታንተን ጋር የተዋወቀችው በ1851 ነው።

«ሉዊዚያና» የዛሬዋ ግዛት ብቻ ናት? ፈረንሳይስ ለምን ሸጠቻት?

አይደለችም። የተሸጠው ከሚሲሲፒ ወንዝ እስከ ሮኪ ተራሮች ያለው አገር ነው፤ 2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሁለት እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። ዋጋው 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአንድ ኤከር ሦስት ሳንቲም እንኳ አይሞላም።

የሚገርመው፣ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን መልእክተኞቹን የላከው ይህን ሁሉ ሊገዙ አልነበረም። የፈለገው የኒው ኦርሊንስን ወደብ ነው። ከተራሮቹ ማዶ ያለው ገበሬ ምርቱን የሚያወጣው በሚሲሲፒ ወንዝ ስለሆነ፣ የወንዙ አፍ በሌላ አገር እጅ መሆኑ ያሳስብ ነበር። ናፖሊዮን ግን ጠቅልላችሁ ውሰዱ አለ።

ምክንያቱ ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችው ሄይቲ ናት። በ1791 የተነሱት የሄይቲ ባሪያዎች፣ ናፖሊዮን በ1802 የላከውን ጦር ደቆሱት። የተረፈውን ቢጫ ወባ ጨረሰው። የሄይቲ ስኳር ከሌለ ሉዊዚያና ለፈረንሳይ ብዙም አትጠቅምም። ከእንግሊዝ ጋር ሌላ ጦርነት ደግሞ ደጅ ላይ ነው፤ ገንዘብ ያስፈልጋል። እንግዲህ የአሜሪካን ስፋት እጥፍ ያደረገው የጥቁር ባሪያዎች አመጽ ነው። መሬቱ ላይ ቆይቶ የተስፋፋው ደግሞ ባርነት። እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ነባር ሕዝቦች፣ ሻጩም ገዢውም አልጠየቃቸውም።

የቀረው መሬት እንዴት ተያዘ?

ፍሎሪዳ ከስፔን በ1819 ውል ተገኘች። ኦሪገን በ1846 ከእንግሊዝ ጋር በድርድር ተከፈለች። ቴክሳስ የሜክሲኮ ነበረች። አሜሪካውያን ሰፋሪዎች ባሪያዎቻቸውን ይዘው ገቡ። ሜክሲኮ በ1829 ባርነትን ማገዷ ለጠቡ አንዱ ምክንያት ሆነ። ሰፋሪዎቹ በ1836 ተገነጠሉ፣ በ1845 ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀሉ።

ከዚያ የሜክሲኮ ጦርነት መጣ፤ ከ1846 እስከ 1848። ሜክሲኮ ካሊፎርኒያን ጨምሮ፣ ቴክሳስን ስንደምር፣ የመሬቷን ግማሽ ያህል አጣች። የተከፈላት 15 ሚሊዮን ዶላር ነው። ውሉ የተፈረመው የካቲት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ልክ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ተገኝቶ ነበር። ፈራሚዎቹ ወሬው አልደረሳቸውም። «ማኒፌስት ደስቲኒ» የሚለው አባባል፣ ማለትም ይህን አህጉር መውረስ ከአምላክ የተሰጠን ዕጣ ነው የሚለው፣ ጋዜጣ ላይ የታየው በ1845 ነው። ግማሹ ሥራ ካለቀ በኋላ የወጣ ስም ነው።

ስለ ኢሪ ካናል ሁሉም የሚያወራው ለምንድን ነው? ቦይ አይደል እንዴ?

ቦይ ነው። ሲከፈት ስፋቱ 12 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ገደማ ነበር። ሰው ቢገባበት ደረቱን ቢደርስ ነው። ርዝመቱ ግን 584 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ከሃድሰን ወንዝ ዳር ከኦልባኒ ተነስቶ ኢሪ ሐይቅ ዳር ቡፋሎ ይደርሳል። ቁፋሮው በ1817 ተጀምሮ በ1825 አለቀ። መሣሪያው አካፋ፣ ዶማ፣ ፈረስና ባሩድ ነው። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት ዳርዳሩን የሚሄዱ ፈረሶችና በቅሎዎች ናቸው። መሬቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል 83 ቦታ ላይ በር ተሠራ፤ ጀልባው በሁለት በሮች መሃል ይቆማል፣ ውሃ ይሞላል ወይም ይቀንሳል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

አገረ ገዢው ዴዊት ክሊንተን ሐሳቡን ሲያመጣ «የክሊንተን ጉድጓድ» እያሉ ሳቁበት። ሲያልቅ ከቡፋሎ በጀልባ ተነስቶ ኒው ዮርክ ድረስ መጣና፣ በበርሜል የያዘውን የኢሪ ሐይቅ ውሃ ባሕሩ ውስጥ ደፋው። ደስ የሚል ብቀላ ነው። አንድ ቶን ዕቃ ከቡፋሎ ኒው ዮርክ ለማድረስ 100 ዶላር ይፈጅ የነበረው ከ10 ዶላር በታች ወረደ።

አሁን ካርታ አውጡና የቦዩን መስመር ተከተሉ። መስመሩ ላይ ሮቼስተር አለች፤ ቻርልስ ፊኒ የሰበከባትና ከባርነት ያመለጠው የፀረ ባርነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ ጋዜጣውን ያተመባት ከተማ። ፓልማይራ አለች፤ የሞርሞን እምነት መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ያደገው እዚያ አካባቢ ነው። ትንሽ ወረድ ስትሉ ሴኔካ ፎልስን ታገኛላችሁ። ኦበርን እስር ቤትም ሩቅ አይደለም። ስንዴውን ያወረደው ጀልባ ሲመለስ ሰባኪ፣ ጋዜጣና ስደተኛ ጭኖ ነበር። መሬቱ ደግሞ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ኢሮኳ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ነበር።

ሃይማኖታዊ መነቃቃቱን ከማኅበራዊ ለውጥ ጋር ምን አገናኘው?

ከዚያ በፊት በብዙ ቤተ ክርስቲያን የሚሰበከው፣ ማን እንደሚድን አምላክ አስቀድሞ ወስኗል የሚል ነበር። አዲሶቹ ሰባኪዎች ይህን ገለበጡት። ኃጢአት ምርጫ ነው፤ ዛሬ ማታ ልትተወው ትችላለህ አሉ። በ1801 ኬንተኪ ውስጥ ኬን ሪጅ በተባለ ቦታ ለቀናት በቆየ ስብሰባ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ሜዳ ላይ እንደተሰበሰበ ይገመታል።

ከሁሉም የገነነው ፊኒ ነው። ሕግ ተምሮ ለጠበቃነት ሲዘጋጅ የነበረ ሰው ስለሆነ ስብከቱም እንደ ችሎት ክርክር ነበር። ከ1830 መጨረሻ እስከ 1831 መጀመሪያ ሮቼስተር ላይ ከረመ። ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ ነፍሳቸው የተጨነቀችባቸው መጥተው እንዲቀመጡ ይጠራ ነበር። ዛሬ በየአዳራሹ «ጌታን የምትቀበሉ ወደ ፊት ውጡ» የሚባለውን ልማድ ካስፋፉት ዋነኛው እሱ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ሰው ኃጢአቱን መተው ከቻለ አገርስ ለምን አይችልም? ሰካራምነትም፣ ባርነትም፣ የእስረኛ ስቃይም ዕጣ ፈንታ መሆናቸው ቀረና የሰው ጥፋት ሆኑ። ጥፋት ከሆነ ደግሞ ይታረማል።

አሜሪካውያን ያኔ ክፉኛ ይጠጡ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1830 ከ15 ዓመት በላይ የሆነ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት 26 ሊትር ንጹሕ አልኮል ይጠጣ እንደነበር ይገመታል። የዛሬውን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት መለኪያ ማንሳት ነውር አልነበረም። የኢሪ ካናል ቆፋሪዎችም የዕለት ዊስኪ ይሰፈርላቸው ነበር።

ምክንያቱን ስትፈልጉ መስፋፋቱ ጋር ትመለሳላችሁ። ከአፓላቺያ ማዶ የሰፈረው ገበሬ በቆሎ ተርፎታል። ተራራ አሻግሮ እንዳይሸጠው ማጓጓዣው ከዋጋው ይበልጣል። ዊስኪ ካደረገው ግን ያው ፈረስ በብዙ እጥፍ የሚሸጥ ዕቃ ይሸከማል፤ አይበላሽም። ዊስኪ ከቡና ረከሰ። በዚህ ላይ ሴቶችን አስቡ። ባለትዳር ሴት ደሞዟም ንብረቷም በሕግ የባሏ ነው። ባል ጠጪ ከሆነ ልጆቹ ይራባሉ፤ የምትሄድበት ዳኛ የለም። መጠጥ ይቅር የሚለው ንቅናቄ በሴቶች የተሞላው ለጽድቅ ብቻ አይደለም።

የአሜሪካ የመጠጥ ቁጠባ ማኅበር በ1826 ቦስተን ላይ ተቋቋመ። መጀመሪያ ያወገዘው አረቄና ዊስኪን ነው፤ ቢራና ወይን ቆይተው ተጨመሩ። በ1840 ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ ስድስት ጠጪዎች ራሳቸው ማኅበር መሠረቱ። ሰባኪ ሳይሆን የተወ ሰው ነበር የሚናገረው። በ1845 የነፍስ ወከፉ ፍጆታ ከ8 ሊትር በታች ወርዷል። ከዘመኑ ንቅናቄዎች ሁሉ ውጤቱ ቶሎ የታየው ይሄ ይመስለኛል። ነገር ግን አየርላንዳውያንና ጀርመናውያን ስደተኞች በብዛት ሲመጡ፣ የመጠጥ ጥላቻው ከስደተኛ ጥላቻ ጋር ተቀላቀለ።

ቼሮኪዎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሸነፉ ለምን ተባረሩ?

መጀመሪያ እነማን እንደነበሩ እንይ። ጆርጂያና አካባቢዋ የሚኖሩት ቼሮኪዎች ከነባር ሕዝቦች አንዱ ሲሆኑ፣ ነጮቹ «ሠልጥኑ» ያሏቸውን ሁሉ አድርገዋል። ያርሳሉ፤ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። በ1827 ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ሲኮያ የተባለ፣ በእንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው፣ ብቻውን ለቋንቋቸው ፊደል ፈጠረላቸው፤ በ1821። እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ክፍለ ድምፅ ነው፤ 85 ያህል ምልክቶች ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕዝቡ ማንበብ ቻለ። በ1828 በሁለት ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ አወጡ። ከነሱ ሀብታሞቹ፣ ይሄም መነገር አለበት፣ ጥቁር ባሪያዎች ነበሯቸው።

በዚያው ሰሞን መሬታቸው ላይ ወርቅ ተገኘ። ጆርጂያ ሕጌን በእናንተ ላይ አውጃለሁ አለች። ኮንግረስ በ1830 ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ማዶ የሚያሰፍረውን ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት 102 ለ97 አሳለፈ። ሳሙኤል ዉስተር የተባለ ሚሲዮናዊ ከቼሮኪዎች ጋር ያለ ፈቃድ ኖረሃል ተብሎ ታሰረ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1832 ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ መሬት ላይ አይሠራም ብሎ ፈረደ። ፍርድ ቤት ግን ወታደር የለውም። ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ጆርጂያን ለማስገደድ አልተንቀሳቀሰም። «ማርሻል ፈርዷል፤ ከቻለ እሱ ያስፈጽመው» አለ ተብሎ ይጠቀሳል። ቃል በቃል እንዲያ ስለማለቱ ማስረጃ የለም። ያደረገው ግን ከዚያ የተለየ አይደለም።

በ1835 ሜጀር ሪጅ የሚመራ ጥቂት ሰው መሬቱን ለቅቀን እንሄዳለን ብሎ ውል ፈረመ። መሪው ጆን ሮስ ከ15 ሺህ በላይ ፊርማ ይዞ ውሉ የኛ አይደለም አለ። ሴኔቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ አጸደቀው። በ1838 ወታደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውን ከማዕድ ላይ እያስነሱ በአጥር ወደተከለሉ ካምፖች አስገቡት። በበጋው ሙቀት ተቅማጥ ፈጃቸው። ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ የተጓዙት ብዙዎቹ በብርዱ ወራት ነበር። ከ16 ሺህ ሰው 4 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ጉዞው የዕንባ መንገድ ተባለ። ሪጅ በ1839 በገዛ ወገኖቹ ተገደለ፤ የሕዝብ መሬት የሸጠ ይሙት የሚለውን ሕግ ቀድሞ ሲደግፍ የነበረው ራሱ ነው። ቾክቶዎች፣ ክሪኮችና ቺካሶዎች የሚባሉት ነባር ሕዝቦችም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል።

ታዲያ ጃክሰን ሃያ ዶላሩ ላይ ምን ያደርጋል?

ለብዙ ነጭ አሜሪካውያን የተራው ሰው ፕሬዚዳንት ነበር። ድሃ ሆኖ ተወልዶ፣ በ1815 ኒው ኦርሊንስ ላይ እንግሊዞችን ያሸነፈ ጄኔራል። የሰላም ውሉ ከውጊያው ሁለት ሳምንት በፊት ተፈርሞ ነበር፤ ወሬው ባሕር እስኪያቋርጥ ሰው አለቀ። ያው ሰው ከመቶ በላይ ባሪያዎች ነበሩት። የወረቀት ገንዘብንና የብሔራዊ ባንኩን አጥብቆ ይጠላም ነበር። የወረቀት ገንዘብ ላይ መታተሙ ለእሱ ራሱ ስድብ በሆነበት። በ2016 የገንዘብ ሚኒስቴሩ ባሪያዎችን ታስመልጥ በነበረችው በሃሪየት ተብማን እንደሚተካ አስታውቆ ነበር።

ሴቶች መምረጥ ሳይችሉ ፖለቲካ ውስጥ እንዴት ገቡ?

በአቤቱታ። ሕገ መንግሥቱ አቤት ማለትን ለመራጭ ብቻ አላደረገውም። በ1829 መጨረሻ ካትሪን ቢቸር የተባለች አስተማሪ ስሟን ሳትጽፍ ደብዳቤ በተነች፤ ሴቶች ሆይ፣ የነባር ሕዝቦችን መባረር ተቃወሙ የሚል። ከብዙ ከተሞች የሴቶች ፊርማ ወደ ኮንግረስ ጎረፈ። እንዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ሕጉ አልቀረም። ፊርማ የማሰባሰብ ልምዱ ግን ተረፈ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሴቶች በዚያው መንገድ ስለ ባርነት ማመልከት ጀመሩ። አቤቱታው ስለበዛ የተወካዮች ምክር ቤት በ1836 ሳይነበብ ይቀመጥ የሚል ደንብ አወጣ። ደንቡ እስከ 1844 ቆየ። በ1840 ለንደን ላይ ዓለም አቀፍ የፀረ ባርነት ጉባኤ ሲደረግ፣ ከአሜሪካ የሄዱት ሴቶች ዳር ተቀምጣችሁ አዳምጡ ተባሉ። ሉክሪሺያ ሞትና ኤልዛቤት ስታንተን የተዋወቁት እዚያ ነው።

በሐምሌ 1848 ሴኔካ ፎልስ ላይ ወደ 300 ሰው ተሰበሰበ። መግለጫውን 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ፈረሙ። ብዙ ያከራከረው የመምረጥ መብት የሚለው ነጥብ ነበር፤ ይሄ ሰው ያስቅብናል ያሉ ነበሩ። ፍሬድሪክ ዳግላስ ተነስቶ ደገፈውና በጭንቅ አለፈ። ከፈራሚዎቹ አንዷ ሻርሎት ዉድዋርድ በቤቷ የእጅ ጓንት የምትሰፋ ወጣት ነበረች። በ1920 ሕገ መንግሥቱ ለሴቶች ድምፅ ሲሰጥ ከመቶዎቹ በሕይወት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

ትምህርት ቤት፣ እስር ቤትና የአእምሮ ሕሙማንስ?

ሆረስ ማን በ1837 የማሳቹሴትስ ትምህርት ቦርድ ጸሐፊ ሆኖ፣ በግብር የሚተዳደር የሁሉ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ ሠራ። የመጀመሪያው የመንግሥት መምህራን ማሠልጠኛ በ1839 እዚያው ተከፈተ። በእስር ቤት በኩል ሁለት ሐሳብ ተፋጠጠ። ኦበርን ቀን በጋራ፣ በዝምታ ያሠራል። በ1829 የተከፈተው የፊላዴልፊያው ደግሞ እስረኛውን ብቻውን ዘግቶ ጸጸትን ይጠብቃል። ሁለቱም የደግ ሰዎች ሐሳብ ነበሩ። ብቻውን የተዘጋው ሰው ግን ከንስሐ ይልቅ እብደት ይቀርበው ነበር።

ዶሮቲያ ዲክስ በ1841 የሴት እስረኞችን መጽሐፍ ቅዱስ ልታስተምር ወደ አንድ የማሳቹሴትስ እስር ቤት ገባች። የአእምሮ ሕሙማን ሴቶች እሳት በሌለው ክፍል ታጉረው አገኘች። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ግዛቱን ዞራ ያየችውን መዘገበችና በ1843 ለምክር ቤቱ አቀረበች። በ1854 ኮንግረስ ለሕሙማኑ ማቆያ የሚሆን 10 ሚሊዮን ኤከር መሬት መደበላት። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ የፌዴራል ሥራ አይደለም ብሎ ውድቅ አደረገው። መሬቱ ከየት የተገኘ መሬት እንደነበር ከላይ አይተናል።

ባርነት በራሱ ጊዜ እየጠፋ ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ሰሜን ላይ አዎ፤ ኒው ዮርክ በ1827 ጨረሰችው። ከውጭ ባሪያ ማስገባትም ከ1808 ጀምሮ ተከልክሏል። በደቡብ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1790 ወደ 700 ሺህ የነበሩት ባሪያዎች በ1850 ከ3 ሚሊዮን በለጡ።

የ1793ቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ፍሬን ከጥጥ መለየቱን አቀለለው። ቾክቶዎችና ክሪኮች የለቀቁት አላባማና ሚሲሲፒ ደግሞ ለጥጥ የተመቸ ጥቁር አፈር ነበር። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ወደ አዲሱ የጥጥ አገር እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ተወሰደ፤ በሰንሰለት ተያይዞ በእግሩ፣ ወይም በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ። ባል እዚህ ይሸጣል፣ ሚስት እዚያ ትቀራለች። ሰሜኑም ከደሙ ነጻ አልነበረም። የማሳቹሴትሷ ሎውል ፋብሪካዎች የሚፈትሉት ይህንኑ ጥጥ ነው። በ1834 እና በ1836 ሥራ ያቆሙት የሎውል ሴት ሠራተኞች የሚሸምኑት ጨርቅ ጥጡ የተለቀመው በባሪያ እጅ ነው።

ባርነት ይወገድ የሚሉት ሰሜን ውስጥ ይወደዱ ነበር?

በፍጹም። ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን በ1831 ቦስተን ላይ ጋዜጣውን ሲጀምር ከአንባቢዎቹ አብዛኞቹ ነጻ ጥቁሮች ነበሩ። በ1835 እዚያው ቦስተን ሰው ተሰብስቦ በገመድ አስሮ ጎተተው። በ1837 ኢሊኖይ ውስጥ ኤላይጃ ላቭጆይ ማተሚያውን ሲጠብቅ በጥይት ተገደለ። በ1838 ፊላዴልፊያ ውስጥ ለዚሁ ትግል የተሠራ ትልቅ አዳራሽ በተከፈተ በአራተኛው ቀን ተቃጠለ።

ለዘብተኛ የሚባለው ነጭ የሚደግፈው ነጻ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ መላክን ነው። ላይቤሪያ የተመሠረተችው እንዲህ ነው። ጥቁሮቹ ራሳቸው ግን በ1817 ፊላዴልፊያ ላይ በሺዎች ተሰብስበው እምቢ ብለዋል። አገራችን ይሄ ነው፤ ያቀናነው እኛ ነን።

በዚህ ዘመን ዴሞክራሲ ሰፋ ይባላል። ለማን ነው የሰፋው?

ለነጭ ወንድ። ንብረት የሌለው አይመርጥም የሚለው ደንብ በየግዛቱ ሲነሳ፣ በዚያው ብዕር ሌላው ተሰረዘ። ኒው ጀርዚ ንብረት ያላቸው ሴቶችና ጥቁሮች ይመርጡባት ነበር፤ በ1807 ከለከለች። ኒው ዮርክ በ1821 ለጥቁር ወንድ ብቻ 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ይኑረው አለች። ፔንሲልቫኒያ በ1838 ጥቁሮችን ጨርሳ አስወጣች።

የኢትዮጵያ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ይነሳል?

ይነሳል። በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁር ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ተለይታችሁ ተቀመጡ መባልን እምቢ ብለው ወጡና የራሳቸውን መሠረቱ። ስሟን አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች አሏት። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት፣ ከወጡት መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ ይላል። ዛሬ ሃርለም ውስጥ አለች። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃልም በጥቁር ሰባኪዎችና ጸሐፊዎች አፍ ላይ የማይጠፋ ነበር።

ይህ ሁሉ ንቅናቄ እያለ የእርስ በርስ ጦርነቱ ለምን አልቀረም?

አዲስ መሬት በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፦ ባርነት ይገባበታል ወይስ አይገባም? በ1820 ሚዙሪ ባሪያ አሳዳሪ፣ ሜይን ነጻ ሆነው ገቡ፤ ለቀረው የሉዊዚያና መሬት ካርታ ላይ መስመር ተሰመረ። ሃያ ስድስት ዓመት አሳለፈ። በ1846 የሜክሲኮ ጦርነት ሲጀመር፣ የፔንሲልቫኒያው ተወካይ ዴቪድ ዊልሞት ከሜክሲኮ በሚወሰድ መሬት ባርነት አይግባ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፣ ሴኔት ላይ ቀረ። ድምፁ ግን በፓርቲ አልተከፈለም። በሰሜንና በደቡብ ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ያ ስንጥቅ አልተገጠመም።

በ1850 ሌላ ስምምነት ተፈጠረ። ካሊፎርኒያ ነጻ ግዛት ሆና ገባች፤ ደቡቡ በምላሹ የኮበለለ ባሪያን የማስመለስ ጠንካራ ሕግ አገኘ። ሕጉ ቦስተን ድረስ ይሠራል። የተያዘው ሰው ስለ ራሱ እንዲመሰክር አይፈቀድለትም፤ በማኅበረ ዳኞችም አይታይም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ወደ ባርነት ከመለሰው 10 ዶላር ይከፈለዋል። ነጻ ነው ብሎ ከለቀቀው 5 ዶላር።